የማይነካውን በሳቅ የነኩ የድሮ ፊልሞች

ጥቁርና_ነጭ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የድሮ ፊልሞችን መላልሼ እያየሁ ነው። አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛልና ላካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በየዘመኑ ሰው በአደባባይ ለማንሳት የሚፈራው ነገር አለ። አምባገነን መሪ፣ ዘረኝነት፣ የኒውክሌር ጦርነት፣ በትዳር ላይ መወስለት፣ ራስን ማጥፋት። እነዚህን ደፍረው ካነሱት የድሮ ፊልሞች መካከል እኔ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ኮሜዲዎቹ ነው። በቁምነገር የተሠሩትን አከብራቸዋለሁ። አንዴ አይቼ ግን አስቀምጣቸዋለሁ። ኮሜዲዎቹ አይለቁኝም። ለምን?

ከቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ግሬት ዲክቴተር» ልነሳ። ቀረጻው የተጀመረው በሴፕቴምበር 1939 ነው። ጦርነቱ ከፈነዳ ገና ቀናት መሆኑ ነው። ኒውዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ በኦክቶበር 1940። ያኔ አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ አልገባችም። እንግሊዝ እንኳን ከጦርነቱ በፊት ሂትለርን ላለማስቀየም ስትል ፊልሙን እንደምታግድ ተናግራ ነበር። ቻፕሊን ወጪውን ከራሱ ኪስ አውጥቶ ሠራው። እሱና ሂትለር የተወለዱት በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር፣ በአራት ቀን ልዩነት ነው። ጺማቸውም አንድ ዓይነት ነበር።

በዚያ ፊልም ውስጥ የምወዳት ትዕይንት አለች። ሁለቱ አምባገነኖች፣ ሂንክልና ናፓሎኒ (ሂትለርና ሙሶሊኒ መሆናቸው ነው)፣ ለመላጨት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንበሮቹ ከፍ ዝቅ የሚሉ ናቸው። አንዱ ወሬውን ሳያቋርጥ ወንበሩን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ሌላው ቀና ብሎ ያየዋል። እሱም ከፍ ይላል። ያኛው ደግሞ ይጨምራል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። ስለ ሁለት መሪዎች ፉክክር ሙሉ መጽሐፍ ቢነበብ ይህን ያህል አይገባም። ሁለት ሰው፣ ሁለት ወንበር። በቃ።

የኔ ግምት ይሄ ነው። ሰው ስለሚያስፈራው ነገር በቁምነገር ሲነግሩት ወዲያው ይዘጋል። መልሱን ማዘጋጀት ይጀምራል። ሲስቅ ግን ሳያስበው ተስማምቷል። ከአፉ የወጣውን ሳቅ መልሶ ሊውጠው አይችልም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ጥሩ ነገር ነው ያነሳኸው። የወንበሯን ነገር እኔም እወዳታለሁ። ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም።

«ከአፉ የወጣውን ሳቅ መልሶ ሊውጠው አይችልም» ብለሃል። ልክ ነህ። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

የ1961ዱን «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» አስታውሰው። ሚኪ ሩኒ ጃፓናዊ ጎረቤት ሆኖ ይጫወታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ፣ ዓይኑን በሜካፕ ቀይሮ፣ እየጮኸና ከዕቃ ጋር እየተጋጨ። የሚያስቀው ምኑ ነው? ጃፓናዊ መሆኑ። ሌላ ምንም የለም። ይህ ሲሠራ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ከታጎሩ ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር። ያ ሁሉ ግፍ በቅጡ ሳይነገር ሰው በነሱ ሳቀ። እዚያ ሳቁ ምንም በር አልከፈተም። የተከፈተውንም ዘጋ። ዳይሬክተሩ ብሌክ ኤድዋርድስ ራሱ በኋላ ተጸጽቶበታል።

ስለዚህ ጥያቄው «ኮሜዲ ይረዳል ወይ?» አይመስለኝም። የሚሳቀው በማን ላይ ነው? በወንበሩ ላይ በተቀመጠው ነው ወይስ ወንበር በተከለከለው?

ቢጫ_መብራት፦

እኔ ነገሩን እንዲህ አላከብደውም። በዚያ ዘመን ሆሊውድ ላይ ሳንሱር ነበር። «የሄይስ ኮድ» የሚባለው። በ1930 ወጣ፣ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ተሠራበት፣ በ1968 ቀረ። በቀጥታ መናገር አይቻልም። ስለዚህ በቀልድ አዙረው ተናገሩት። ሰምና ወርቅ ነው ነገሩ። መውጫ ቀዳዳ እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጆቼ፣ እንዴት ዋላችሁ። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና በዚያ በኩል ልግባ።

ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ጽፏል። በናዚ ማጎሪያ ካምፖች የሚደረገውን አሰቃቂ ነገር ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ያንን ፊልም ሊሠራው እንደማይችል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። ያንን የመሰለ ደፋር ሰው «እዚህ ጋ ሳቄ ያበቃል» ብሎ በራሱ እጅ መስመር አሰመረ። ፊልሙን ካደ ማለት አይደለም። ሳቅም ጊዜ እንዳለው ነው የነገረን።

ከእሱ ጎን ኤርነስት ሉቢችን አስቀምጡት። በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። በ1942 «ቱ ቢ ኦር ኖት ቱ ቢ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ ዋርሶ ላይ ነው። ናዚዎች ከተማዋን ይዘዋል። አንድ የቲያትር ቡድን ትወናን ብቻ መሣሪያ አድርጎ ይገጥማቸዋል። ፊልሙ ሲወጣ ብዙ ሰው ተቆጣ። ዋርሶ እየነደደች ይሳቃል ወይ ተባለ። ዋናዋ ተዋናይት ካሮል ሎምባርድ ደግሞ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይቀርብ፣ በጃንዋሪ 1942፣ በአውሮፕላን አደጋ ሞታለች። «አውሮፕላን ውስጥ ምን ሊደርስ ይችላል?» የምትልበት ቦታ ነበር፤ ቆርጠው አወጡት። ተመልካቹ እንዲስቅ የተጠየቀው በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

ሉቢች ዝም አላለም። በጋዜጣ መልስ ሰጠ። የሱ ናዚዎች ሰው ሲያሰቃዩ የሚደሰቱ ጭራቆች አይደሉም አለ። ያንን ደረጃ አልፈውታል። ጭካኔ የየዕለት ሥራቸው ሆኗል። አንድ ነጋዴ ስለሸጠው ቦርሳ እንደሚያወራ ነው ስለ ግፋቸው የሚያወሩት። ይሄ አባባሉ እስከ ዛሬ ያንቀጠቅጠኛል።

ፊልሙ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ቦታ አለ። ተዋናዩ ቱራ የጌስታፖውን (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) ኮሎኔል ኤርሃርትን መስሎ ይቀርባል። የሚለው ሲጠፋው «ታዲያ የማጎሪያ ካምፑ ኤርሃርት ነው አይደል የሚሉኝ!» እያለ ይስቃል። ደጋግሞ ይላታል። ጊዜ ለመግዛት ነው። እኛ ትወናው ደካማ ሆነ፣ ሊነቃበት ነው ብለን እንጨነቃለን። በኋላ እውነተኛው ኤርሃርት ይመጣል። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ሳቅ፣ በዚያው ኩራት ይደግመዋል። የተጋነነ የመሰለን ትወና እውነት ሆኖ ቁጭ አለ። በክፍል ውስጥ ስለ ሦስተኛው ራይክ፣ ስለ ናዚዎች መንግሥት፣ ብዙ ሰዓት አስተምሬያለሁ። ግፍ ተራ ሥራ ሲሆን ምን እንደሚመስል በሁለት ደቂቃ ያሳየልኝ ግን ይሄ ፊልም ነው።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ ለጥያቄዬ መልስ ነው። ሳቁ ኤርሃርት ላይ ነው። በዋርሶ ሰዎች አይሳቅም።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጄ፣ እንዲያውም አንድ ልጨምርልሽ። እዚያው ቡድን ውስጥ ግሪንበርግ የሚባል ትንሽ ተዋናይ አለ። መድረክ ላይ ጦር ይዞ ከመቆም ሌላ ሚና ተሰጥቶት አያውቅም። ሕልሙ የሼክስፒርን ሻይሎክ፣ ያንን የሚናቅ አይሁዳዊ፣ መጫወት ነው። «ዓይን የለንም? ብትወጉን አንደማም?» የሚለውን ንግግር ሁሌ ይለማመዳል። መጀመሪያ ላይ ይህ ምኞቱ ፈገግ ያሰኛል። ከተማዋ ከተያዘች በኋላ በረዶ ላይ ቆሞ ሲለው ሳቅ የለም። በመጨረሻ በናዚ ወታደሮች ፊት፣ ሕይወቱን ይዞ ይናገረዋል። ያ የዕድሜ ልክ ሚናው ነው። ንግግሩ አልተቀየረም። የምንሰማበት ጆሮ ነው የተቀየረው። በፊት ፈገግ ባንል ኖሮ በኋላ ያን ያህል አንጀታችን አይላወስም ነበር።

ድርሰት_ክፍል፦

እኔ ለቲያትርና ለሬዲዮ የምጽፍ ሰው ነኝ። ከሙያው በኩል ልምጣ።

ቢጫ_መብራት፣ ወንድሜ፣ ያንተ ነገር ግማሹ እውነት ነው። ሳንሱሩ ነበር። ነገር ግን «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»ን በምን ታስረዳዋለህ? ስታንሊ ኩብሪክ ስለ ኒውክሌር ጦርነት ሲጽፍ ኮሜዲ አላሰበም። መነሻው የፒተር ጆርጅ ልብ ወለድ ነው፤ ቀልድ የሚባል የለበትም። ሲጽፉት ግን የሚያስቁ ነገሮች እየመጡ አስቸገሩት። ፊልሙ እውነት እንዲመስል እያወጣ ሲጥላቸው ቆየ። በኋላ ነገሩ ገባው። የሚጥላቸው ነገሮች ናቸው እውነቱ። ማንም ሳንሱር አላስገደደውም። ጉዳዩ ራሱ ነው ወደ ኮሜዲ የገፋው።

ፊልሙ የወጣው በጃንዋሪ 1964 ነው። ዓለም በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ለጥቂት ከጥፋት የተረፈችው በኦክቶበር 1962። ማለትም ሰው ፍርሃቱ ገና ከሰውነቱ አልወጣም።

የስልኩን ትዕይንት ልብ ብላችሁ እዩት። አንድ ጄኔራል አእምሮው ተነክቶ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን ወደ ሶቪየት ልኳል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ይህን ለሶቪየቱ መሪ ሊነግር ይደውላል። የዚያኛውን ድምፅ አንሰማም። ፕሬዚዳንቱን የሚጫወተው ፒተር ሴለርስ ብቻውን ነው የሚያወራው። መጀመሪያ ሙዚቃውን ትንሽ ቀንሰው ይለዋል። ከዚያ ይንተባተባል። ልጅ እንደሚያባብል ሰው «ዲሚትሪ...» ይላል። ከዚያ ማን የበለጠ አዘነ በሚለው ይጨቃጨቃሉ። «እኔም አዝኛለሁ ዲሚትሪ። ከኔ የበለጠ አዝኛለሁ አትበለኝ» ዓይነት ነገር። ሚሊዮን ሰው ሊያልቅ ነው፣ እነሱ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ሆነዋል። ጸሐፊው ስለ ቦምብ ምንም አላጋነነም። ሁለት ሰዎች በስልክ ሲያወሩ እንደሚያወሩት ብቻ አስወራቸው። የሚያስፈራውም የሚያስቀውም እሱ ነው።

ሌላም አለ። እንግሊዛዊው መኮንን ማንድሬክ አውሮፕላኖቹን የሚመልሰውን ኮድ ደርሶበታል። ወደ ዋሽንግተን ለመደወል ግን ሳንቲም ጎደለው። የለስላሳ መሸጫ ማሽኑን በጥይት መትተህ ሳንቲሙን አውጣልኝ ብሎ ኮሎኔሉን ይለምነዋል። ኮሎኔሉ የሰው ንብረት ነው ብሎ ያመነታል። ዓለም በጥቂት ሳንቲም ላይ ተንጠለጠለች። ቢሮክራሲ ያየ ሰው ይህንን ቀልድ ነው አይልም።

በዚያው ዓመት ሲድኒ ሉሜት ያንኑ ጉዳይ በቁምነገር ሠርቶታል፣ «ፌይል ሴፍ» ብሎ። እውነቴን ነው ጥሩ ፊልም ነው። እዩት። ግን ሰው ስለ ኒውክሌር ጦርነት ሲያወራ የሚጠቅሰው የትኛውን ነው?

ቢጫ_መብራት፦

እሺ፣ ስለ ኩብሪክ ተረታሁ። ግን የሳንሱሩን ነገር አልለቅም፤ ቢሊ ዊልደርን እዩት። «ብሪፍ ኤንካውንተር» የተባለውን የ1945 የእንግሊዝ ፊልም አይቶ አንድ ነገር አእምሮው ውስጥ ቀረ። ሁለቱ ፍቅረኞች የሚገናኙት በሌላ ሰው ቤት ነው። ዊልደር ግን ስለ ፍቅረኞቹ አላሰበም። ያ ቤቱን ያዋሰው ሰውዬስ? እነሱ ሲሄዱ ተመልሶ የሚገባው እሱስ? ብሎ ጠየቀ። ያን ጊዜ በሳንሱሩ ምክንያት ሊሠራው አልቻለም። ዓመታት ጠብቆ በ1960 «ዚ አፓርትመንት»ን አወጣ። አምስት ኦስካር ወሰደ።

ጥቁርና_ነጭ፦

ቢጫ_መብራት፣ ያነሳኸው ፊልም የምወደው ነው። ጥሩ ምሳሌ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ባክስተር ተራ የቢሮ ሠራተኛ ነው። እድገት ለማግኘት ሲል የቤቱን ቁልፍ ለአለቆቹ ያውሳል። ሚስቶቻቸውን እያታለሉ ከሌላ ሴት ጋር የሚገናኙበት ነው። እሱ ብርድ ላይ ውጭ ይጠብቃል። ጉንፋን ይይዘዋል። እንስቃለን። ስፓጌቲውን በቴኒስ መምቻ ያጠልላል። እንስቃለን። ሳናውቀው ግን በአንድ አስቀያሚ ሥራ ውስጥ አብረን ገብተናል። ባክስተርን ወደድነውና ይቅር አልነው።

ከዚያ መስታወቷ ትመጣለች። አንዲት ሴት ቤቱ ውስጥ የረሳቻት፣ የተሰነጠቀች የእጅ ቦርሳ መስታወት። ባክስተር አግኝቶ ለአለቃው መልሷታል። የቢሮው የገና ድግስ ላይ የሚወዳት ልጅ፣ ፍራን፣ ፊቱን እንዲያይበት መስታወት ታቀብለዋለች። ይከፍታታል። ስንጥቁ ያው ነው። የሱ ፊት ለሁለት ተከፍሎ ይታያል። መስታወቱ ተሰብሯል ይላታል። ፍራን ስንጥቁን እንደምትወደው ትነግረዋለች፤ የሚሰማኝን ነው የሚያሳየኝ ትለዋለች።

እዚህ ጋ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከደቂቃዎች በኋላ ፍራን በእንቅልፍ ክኒን ራሷን ልታጠፋ ትሞክራለች። ዊልደር ያንን ቦታ በቀልድ አልነካውም። ጎረቤቱ ሐኪም ሊያድናት ሲታገል፣ ሌሊቱን ሙሉ እያራመደ እንዳትተኛ ሲያደርጋት ረጅም ጊዜ ያሳየናል። ሦስተኛ_ረድፍ የጠየቀችው ጥያቄ መልሱ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ዊልደር በማን እንደሚሳቅም፣ መቼ እንደማይሳቅም ያውቃል።

ድርሰት_ክፍል፦

የመቼን ነገር ካነሳህ አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። የዊልደር «ሰም ላይክ ኢት ሆት» በ1959 የወጣው ያለ ሳንሱሩ ፈቃድ ነው። ሁለት ሙዚቀኞች የወንበዴዎችን ግድያ አይተው የሴት ልብስ ለብሰው ይሸሻሉ። ከሁለቱ አንዱን የሚጫወተው ጃክ ሌመን ከአንድ ሀብታም ሽማግሌ ጋር ታጭቶ ሲመጣ ጓደኛው ያፈጥበታል። ያ በዚያ ዘመን በፊልም ስሙ የማይነሳ ነገር ነው። ዊልደር ሌመንን ሁለት ማራካስ፣ ሲነቀነቅ የሚንቀጫቀጭ የሙዚቃ መሣሪያ፣ አስያዘው። እየጨፈረ፣ ከየመስመሩ በኋላ ያንቀጫቅጫቸዋል። ሌመን መጀመሪያ ግራ ገብቶት እንደነበር ተናግሯል። ዓላማው ቀላል ነበር። አዳራሹ ሲስቅ የሚቀጥለው ቃል እንዳይዋጥ ክፍተት መስጠት።

ይቺን ነገር ስጽፍ ሁሌ አስታውሳታለሁ። አስቸጋሪ ነገር ስትናገር ሰውየው የሚተነፍስበት ቦታ ስጠው። ማራካሱ ሲንቀጫቀጭ የተባለው ነገር ውስጡ ይገባል።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

እሱን ፊልም ካነሳችሁ የኔ ትዕይንት ሌላ ነች። ሌመን በሴት ልብስ ሆኖ ሊፍት ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ይቆነጥጠዋል። ክፍሉ ገብቶ በንዴት ለጓደኛው ሲነግረው ጓደኛው «አየህ፣ ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚኖር ገባህ» ይለዋል። ሳቅኩ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ወንድ ሲቆነጠጥ ስለሆነ ነው የሳቅነው። ሴት ብትሆን ማን ልብ ይለው ነበር?

በነገራችን ላይ የመጨረሻዋን መስመር ማንም እዚህ እንዳይጽፋት። ያላየ ሰው ይኖራል።

ማታ_ማታ፦

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የኔ ነገር የፊልም ትንታኔ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴ አባቴ ከማይፈልገው ወገን የሆነ ሰው ልታገባ ፈለገች። አባቴ እምቢ አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ዝም አለ። ቤቱ ውስጥ ለወራት ያ ዝምታ ነበር።

አንድ ማታ እኔና እሱ ብቻችንን የ1967ቱን «ጌስ ሁስ ካሚንግ ቱ ዲነር» አየን። አውቄ አይደለም የከፈትኩት፤ እዚያ ውስጥ አባት ሆኖ የሚጫወተውን ስፔንሰር ትሬሲን ይወደዋል ብዬ ነው። ነጭ ልጅ ጥቁር ሐኪም ልታገባ ቤት ይዛው ትመጣለች። ፊልሙ ሲቀረጽ ይህ ጋብቻ በአሜሪካ በርካታ ግዛቶች በሕግ የተከለከለ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክልከላውን የሻረው በጁን 12፣ 1967 ነው። ትሬሲ የሞተው ከዚያ ሁለት ቀን ቀድሞ።

ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ መሃል ላይ አባትየው ነገሩ አስጨንቆት ለአይስክሬም ይወጣል። በፊት በልቶት የነበረውን ዓይነት ይፈልጋል፣ ስሙ ግን አይመጣለትም። ልጅቷ የምታመጣለት ሌላ ይሆናል። ይቀምሳል። ይሄ አይደለም ይላል። ሊመልሰው ያስባል። ደግሞ ይቀምሳል። ፊቱ ቀስ እያለ ይለወጣል። ወደደው።

አባቴ ሳቀ። ከወራት በኋላ ሲስቅ መስማቴ ነበር። «እስቲ መልሳት» አለኝ። መለስኳት። እንደገና ሳቀ። ከዚያ ፊልሙ ሳያልቅ ደክሞኛል ብሎ ተነሳ።

በሳምንቱ ገደማ ቁርስ ላይ «ያ ሽማግሌ በመጨረሻ ምን አለ?» አለኝ። ስለ እህቴ አይደለም የጠየቀኝ። ስለ ሽማግሌው ነው። ማታ አብረን እንየው አልኩት። እህቴም ነበረች። እስከ መጨረሻው አየነው። ማንም ምንም አላለም። እህቴ ያገባችው በሚቀጥለው ዓመት ነው። እሱ ራሱ ነው የዳራት። ፊልሙ ነው ያደረገው ልል አልችልም። ግን አባቴ ስለ እህቴ መጠየቅ ሲያቅተው ስለዚያ ሽማግሌ መጠየቅ ችሏል።

ጥቁርና_ነጭ፦

ወንድሜ፣ እኔ ስጀምረው ይህን ያህል አላሰብኩም ነበር። ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ማታ_ማታ፣ አንጀቴን ነው የበላኸው። ሳላነሳው የማላልፈው ግን አለ። በዚያ ፊልም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ብዙ ሰውም ያነሳዋል። ሲድኒ ፖይቲየር የሚጫወተው ሐኪም እንከን የለውም። ዓለም ያወቀው ሐኪም፣ ጨዋ፣ ትሑት። ጥቁር ሰው ሴት ልጅ ለማግባት መልአክ መሆን አለበት ማለት ነው?

ማታ_ማታ፦

እህቴ፣ ቅሬታሽ ልክ ነው። እኔም አስቤበታለሁ። ግን ሐኪሙ አንዲት ጉድለት ቢኖርበት አባቴ እሷን ይይዝ ነበር። «አየህ፣ እኔ እኮ ስለ ወገኑ አይደለም፣ ስለዚህ ነው» ይል ነበር። ምንም እንከን ሲታጣበት አባትየው የሚደበቅበት አጣ። የኔም አባት አጣ።

ጡረተኛው_መምህር፦

ልጆቼ፣ ይህን ሳነብ የፕሬስተን ስተርጅስ «ሰሊቫንስ ትራቭልስ» ትዝ አለኝ። የ1941 ፊልም ነው። አንድ የኮሜዲ ዳይሬክተር ስለ ድህነት ቁምነገር ያለው ፊልም እሠራለሁ ብሎ እንደ ድሃ ለብሶ ይወጣል። ብዙ ነገር ይደርስበትና እስር ቤት ይገባል፣ ከባድ ሥራ የሚሠራበት። አንድ ማታ እስረኞቹን በሰንሰለት እንደታሰሩ ወደ አንዲት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ይወስዷቸዋል። ሸራ ተወጥሯል። ካርቱን ይታያል። እስረኞቹ ይስቃሉ። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ያያል። ከዚያ ራሱም ሲስቅ ይሰማዋል። ስቄ ይሆን እንዴ ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል።

የአባትህን ሳቅ በዚያ ዓይን ነው ያየሁት። ዕድሜና ጤና ይስጠው።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ከሦስት ቀን በኋላ መመለሴ ነው። የማታ_ማታ ታሪክ አነሳስቶኝ ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር «ሰም ላይክ ኢት ሆት»ን ከፈትኩ። እናቴ የድሮ ፊልም ብዙም አትወድም። መጀመሪያ ላይ ስልኳን ትነካካ ነበር።

የሊፍቱ ቦታ ደረሰ። ሌመን ተቆንጥጦ ሲወጣ እናቴ ሳቀች፣ ከልቧ። ስልኩን አስቀመጠች። ጓደኛው ያንን መስመር ሲናገር ደግሞ ሳቋ ቆመ። «እንዲህ ነበር እኮ» አለች።

ምኑ ነው አልኳት።

ሥራ በጀመረችበት ዘመን አንድ አለቃ ነበር። ደረጃ ላይ ጠብቆ። እሷ ደረጃው ላይ ድምፁን ስትሰማ ሌላ ፎቅ ላይ ትቆይ ነበር፣ እስኪያልፍ። ፋይል እንደያዘች። ለአባቴ አልነገረችም። ለእህቶቿም አልነገረችም። 30 ዓመት ሙሉ ለማንም። ይህን ስትነግረኝ መሃል መሃል ላይ እየሳቀች ነው፣ ፋይሉን እንዴት እንደ ጋሻ ታቅፈው እንደነበር በትራስ እያሳየችኝ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ተያይዘን አለቀስን።

ፊልሙ እዚያው ቆሞ ነበር፣ ሌመን አፉን እንደከፈተ። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን። ቀሪውን ዛሬ ማታ እንጨርሰዋለን።

ጥቁርና_ነጭ፦

የመጨረሻዋን መስመር ግን እንዳትነግሪያት።